ዴፕዝ ኦፍ ፊልድን ለጀማሪዎች ማስተማር፦ ከአፐርቸር ይጀመር ወይስ ከርቀት?

የሐይቅ ዳር
ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ባሕር ዳር ጀማሪ የፎቶግራፍ ተማሪዎችን የምታስተምሩ ካላችሁ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ጉዳዩ ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ ነው፣ ማለትም ፎቶው ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚጠራው ክፍል ስፋት። ተማሪዎቹ «የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ባክግራውንዱ ይደበዝዛል» የሚለውን በቃላቸው ይዘውታል (የኤፍ ቁጥር የአፐርቸሩ፣ የሌንሱ ቀዳዳ፣ መለኪያ ነው፤ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፤ ወረቀት ላይ ብትጠይቋቸው አይስቱም። ካሜራ ይዘው ሐይቁ ዳር ሲወርዱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኪት ሌንሱን (ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠውን) 18 ሚሜ ላይ አድርገው፣ ኤፍ 3.5 ከፍተው፣ ሰውየውን ዘንባባው ሥር ያቆሙታል። ሰውየውም፣ ዘንባባውም፣ ከኋላ የታሰረው ጀልባም እኩል የጠራ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ጥፋቱ ሁሉ በሌንሱ ላይ ይለጠፋል። 50 ሚሜ ኤፍ 1.8 ያላቸው ደግሞ ከ1.8 ንቅንቅ አይሉም፤ አንዱ ዓይን ጠርቶ ሌላው ይጠፋባቸዋል።

ካሜራዎቹ ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው መካከለኛ መጠን ያለው ሰንሰር (ብርሃን ተቀባይ) ያላቸው ናቸው፣ አብዛኞቹ ከ18-55 ሚሜ ኪት ሌንስ ጋር። ጥቂቶቹ ተማሪዎች ስልክ ብቻ ነው ያላቸው። ምን አስቀድሜ ላስተምር? ምን ዓይነት ልምምድ ልስጥ?

ጨለማ ክፍል
ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። አፐርቸርን መጀመሪያ ካስተማርህ ተማሪው ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ የአንድ ቁልፍ ጉዳይ ይመስለዋል። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አፐርቸር የሚባል ነገር አታንሳ። ይልቅ ካሜራ ፎከስ የሚያደርገው አንድ ርቀት ላይ ብቻ መሆኑን አስጨብጣቸው። እዚያ ርቀት ላይ ከሰንሰሩ ጋር ትይዩ የቆመ፣ ካሜራው ሲዞር አብሮ የሚዞር ትልቅ የመስኮት መስታወት አለ ብለው ያስቡ። ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ የዚያ መስታወት ውፍረት ነው። ተማሪው ሹተሩን ከመጫኑ በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ መስታወቱ የት ነው ያለው? ወዴት ዞሯል? ምን ያህል ይወፍራል? አፐርቸር የሚገባው ሦስተኛው ጥያቄ ውስጥ ነው፤ እሱም ውስጥ ቢሆን ብቻውን አይደለም።

ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጻፍላቸው። በኤፒኤስ-ሲ ካሜራ 50 ሚሜ ሌንስ ኤፍ 1.8 ላይ፣ በ1 ሜትር ርቀት ውፍረቱ 2.7 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። በ2 ሜትር 11 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በ4 ሜትር ወደ 46። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ውፍረቱ አራት እጥፍ እየሆነ ነው የሚሄደው። አሁን 2 ሜትር ላይ ቆመህ አፐርቸሩን ብቻ ቀይር፦ ኤፍ 4 ላይ 25፣ ኤፍ 8 ላይ 51 ሴንቲ ሜትር። ከ2 ሜትር ወደ 1 ሜትር መጠጋት ማለት ከኤፍ 8 ወደ ኤፍ 2 እንደመክፈት ነው፣ አራት ስቶፕ ሙሉ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ማድረግ ነው)። ይህን ያየ ተማሪ ኪት ሌንሱን መውቀስ ትቶ እግሩን ያንቀሳቅሳል።

ጭላት
ጋሼ ጨለማ ክፍል ያሉት ትክክል ነው፣ ግን እዚህ ላይ ትንሽ ልለይ። ጀማሪ ካሜራውን ጨብጦ የመጣው ቁልፎቹን ሊነካ ነው። ሙሉ ክፍለ ጊዜ ስለማይታይ መስታወት ቢነገረው ልቡ ይሸፍታል። ደግሞም ርቀቱን ራስህ የማትመርጥበት ሥራ ብዙ ነው። ሠርግ ላይ ሙሽሮቹን ከቆምክበት ታነሳለህ እንጂ 1 ሜትር ልጠጋ አትልም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ካሜራውን በካኖን ኤቪ፣ በኒኮን ኤ ላይ (አፐርቸሩን ተማሪው፣ ሹተሩን ካሜራው የሚመርጥበት ሞድ) አስደርጌ፣ ከአንድ ቦታ ሳይነቃነቁ ኤፍ 5.6፣ ኤፍ 8፣ ኤፍ 16 እንዲያነሱ አደርጋለሁ። ልዩነቱን በዓይናቸው ያዩታል። ርቀት በሁለተኛው ቀን ይመጣል።

ጨለማ ክፍል
ጭላት፣ ሠርጉ ላይ ያልከው እውነት ነው፤ ርቀቱ ሲታሰር የሚቀረው አፐርቸርና ዙም ብቻ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ በ18 ሚሜ 3 ሜትር ላይ ቆሞ ያንን ልምምድ የሚሠራው ልጅ ነው። ኤፍ 5.6 እና ኤፍ 16 ላይ ያነሳቸው ፎቶዎች በካሜራው ስክሪን ላይ አንድ ይሆኑበታል። «አፐርቸር ለውጥ የለውም» ብሎ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። የአንተ ልምምድ የሚሠራው ተማሪው ቅርብ ሲሆንና ሌንሱ ሲረዝም ነው። በመጀመሪያው ቀን ከሰጠኸው 55 ሚሜ ላይ ይሁን፣ ከ1.5 ሜትርም አይራቅ።

ሲኒና ሌንስ
ሁለታችሁንም የሚያስማማ ልምምድ አለ፤ ከክፍል መውጣት አያስፈልገውም። ሰባት ሲኒና የልብስ ሰፊ ሜትር አዘጋጁ። ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ ከካሜራው ወደ ኋላ ዘርጉት። ሲኒዎቹን በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ደርድሩ፣ ግን አንዱ ሌላውን እንዳይጋርድ ወደ ጎን እያሸሻችሁ፣ በሰያፍ። በእያንዳንዱ ሲኒ ላይ ከ1 እስከ 7 ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ለጥፉ። ጽሑፍ መኖሩ ዋና ነገር ነው፤ ነጭ ሲኒ ደብዝዞም የጠራ ይመስላል።

ካሜራው ትራይፖድ ላይ ይሁን፤ ከሌለ የመጻሕፍት ክምር ይበቃል። 55 ሚሜ፣ ከ4ኛው ሲኒ 1.5 ሜትር። ፎከሱን በአንድ ነጥብ 4ኛው ላይ አድርጉና ሌንሱን ወደ ማንዋል ፎከስ አዙሩት፤ ያለዚያ በየፎቶው ካሜራው ሌላ ሲኒ ይመርጣል። ሰልፍ ታይመሩን 2 ሰከንድ ላይ አድርጉ፣ ምክንያቱም ክፍል ውስጥ ኤፍ 16 ላይ ሹተሩ በጣም ይዘገያል፣ የእጅ ንቅናቄ ያመጣውን ድብዛዜ ተማሪው የፎከስ ድብዛዜ አድርጎ ይወስደዋል።

ኤፍ 5.6 ላይ የጠራው 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፦ 4ኛው ሲኒ ብቻ። ኤፍ 16 ላይ ወደ 47 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፦ ከ2ኛው እስከ 6ኛው፤ 2ኛው ጫፍ ላይ ነው። ተማሪው ቁጥሩን ከሜትሩ ላይ ራሱ አንብቦ ይጻፍ። አስተማሪው አይንገረው።

እዚያው ላይ አንድ የተለመደ አባባል ይፈተናል። «አንድ ሦስተኛው ከፊት፣ ሁለት ሦስተኛው ከኋላ ይጠራል» የሚባለው። ሜትሩን ሲያነቡ በኤፍ 5.6 ከፊትና ከኋላ እኩል ለእኩል ሊሆን ምንም አይቀረው፤ በኤፍ 16 ደግሞ ከፊት 20፣ ከኋላ 27 ነው። አንድ ለሁለት የሚሆነው በአንድ የተወሰነ ርቀት ብቻ ነው፣ በሃይፐርፎካል ርቀቱ (ፎከስ ሲደረግበት እስከ መጨረሻው የሚጠራበት ቅርቡ ርቀት) ሲሶ ላይ። ከዚያ ስትቀርቡ እኩል ይሆናል፣ ስትርቁ የኋላው ያለ ልክ ይረዝማል። ይህን አባባል እንደ ሕግ ባናስተምረው ደስ ይለኛል።

የሐይቅ ዳር
እህቴ ሲኒና ሌንስ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይህን በዚህ ሳምንት እሠራዋለሁ። አንድ ያልገባኝ ነገር፦ ተማሪ «ዙም ሳደርግ ዴፕዝ ኦፍ ፊልዱ ቀጠነ» ሲለኝ ልክ ነው ልበለው?

ጨለማ ክፍል
ከቆመበት ሳይነቃነቅ ከሆነ ልክ ነው። ነገር ግን ዙም አድርጎ፣ ሰውየው በፍሬሙ ውስጥ የነበረውን ያህል እንዲሆን ወደ ኋላ ከሄደ ውፍረቱ ያው ይመለሳል። በሲኒው ጠረጴዛ ላይ አሳየው፦ በ55 ሚሜ ከ1.5 ሜትር፣ ከዚያ በ18 ሚሜ ከ50 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለቱም ኤፍ 5.6። ሲኒው በሁለቱም ፎቶ አንድ መጠን አለው። የጠራው ውፍረት በመጀመሪያው 16፣ በሁለተኛው 17 ሴንቲ ሜትር ነው። ባክግራውንዱ ግን ፈጽሞ አይመሳሰልም፤ በ55ቱ የክፍሉ መስኮት ቀልጦ ይታያል፣ በ18ቱ የመስኮቱ ብረት ይቆጠራል።

ተማሪዎች የሚምታቱት እዚህ ነው፦ የዴፕዝ ኦፍ ፊልድ መቅጠንና የባክግራውንድ መደብዘዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለሁለተኛው ቀላል መለኪያ አለ። ፎካል ሌንግዙን (የሌንሱን ሚሊ ሜትር፣ እንደ 18 ወይም 55) ለኤፍ ቁጥሩ አካፍል፤ የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት በሚሊ ሜትር ታገኛለህ። 18 ሲካፈል ለ3.5 ወደ 5 ሚሜ ነው። 55 ለ5.6 ወደ 10 ሚሜ ነው። 50 ለ1.8 ወደ 28 ሚሜ ነው። በጣም ሩቅ ያለ ነጥብ፣ ለምሳሌ ከሐይቁ ማዶ ያለ መብራት፣ ፎከስ ባደረግክበት ሰው ላይ ሲታይ ልክ ያንን ያህል ስፋት ያለው ክብ ሆኖ ይደበዝዛል። በ18ቱ 5 ሚሜ፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የሚያንስ፤ ጀልባውና ዘንባባው እንዴት ይጥፋ? በ50ው 28 ሚሜ ነው፣ የዓይን ስፋት። ባክግራውንዱ ሩቅ ካልሆነ ክቡ ያንሳል፦ ሰውየው 2 ሜትር፣ ግድግዳው 4 ሜትር ላይ ከሆነ ግማሹ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ሰውየውን ከግድግዳው ማራቅ አዲስ ሌንስ ከመግዛት ይቀድማል።

ደንገል
ከክፍል ወጥታችሁ ሐይቁ ላይ ለመሥራት ታንኳን የሚተካከል የለም። ደንገል ጭኖ የሚመጣ ታንኳ መጀመሪያ በጎኑ ይታያል፣ ወደ ዳር ሲዞር አፍንጫውን ወደ እናንተ ያደርጋል። 250 ሚሜ የሚደርስ ቴሌ ሌንስ ያለው ተማሪ ኤፍ 5.6 ላይ በ15 ሜትር ርቀት የሚያገኘው ውፍረት 80 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። ታንኳው በጎኑ ሲያልፍ መላው ከመስታወቱ ጋር ትይዩ ስለሆነ ከጫፍ ጫፍ ይጠራል። ፊቱን ሲያዞር 80 ሴንቲ ሜትር አይበቃውም፤ ወይ ቀዛፊው ወይ የታንኳው አፍንጫ መመረጥ አለበት። አንድ ታንኳ፣ አንድ አፐርቸር፣ ሁለት ውጤት። «ወዴት ዞሯል?» የምትሉትን ጥያቄ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አላውቅም። 55 ሚሜ ብቻ ያለው ተማሪ ግን በዚሁ ርቀትና አፐርቸር ከ10 ሜትር ግድም እስከ 33 ሜትር ድረስ ይጠራለታል፤ ለእሱ ይህ ልምምድ አይሆንም፣ ወደ ታሰረ ታንኳ ጠጋ ብሎ ይሥራ።

ፔሊካኖቹም እንደዚሁ ናቸው። ዓሣ በሚራገፍበት አካባቢ እስከ 8 ሜትር ያስጠጋሉ። በ250 ሚሜ ኤፍ 5.6 ውፍረቱ 22 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው፤ ከዓይኑ ወዲህ የሚቀረው ግማሹ፣ 11 ብቻ። የፔሊካን መንቁር ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይረዝማል። ወፏ ፊት ለፊት ካየችህ፣ ዓይኗ ላይ ፎከስ ብታደርግ የመንቁሯ ጫፍ ይጠፋል፣ ኤፍ 11 ብታደርገውም ያው ነው። በጎኗ እስክትዞር መጠበቅ ነው መፍትሔው። ሹተሩ ከ1/1000 ሰከንድ እንዳይወርድ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) ከፍ አድርጉ።

ጭላት
ደንገል፣ የታንኳዋን ወስጃለሁ፤ አመሰግናለሁ። ስለ 50 ሚሜዎቹ ልጆች ደግሞ ልጨምር። አንዱ ዓይን የሚጠፋባቸው በ1.8 ምክንያት ብቻ አይደለም። መሐል ያለውን የፎከስ ነጥብ ዓይን ላይ አድርገው፣ ሹተሩን በግማሽ ይዘው፣ ካሜራውን አዙረው ፍሬሙን ያስተካክላሉ። መስታወቱ አብሮ ይዞራል። በ1 ሜትር ርቀት ካሜራው 15 ዲግሪ ከዞረ፣ መስታወቱ ከዓይኑ ኋላ 3.4 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ያለን ውፍረት 2.7 ነው፣ ከፊት በኩል 1.4 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ዓይኑ ደብዝዞ ጆሮው ይጠራል። ፎቶው ላይ ጆሮ ወይም ፀጉር ከዓይን በልጦ ከጠራ ምክንያቱን መጀመሪያ እዚህ ፈልጉ። መሐሉን ነጥብ ትተው፣ ፍሬሙን ቀድመው ወስነው፣ ዓይኑ ላይ ያለውን ነጥብ ይምረጡ። ሰውየው ፊቱን ወደ ጎን ካዞረ ደግሞ ሁለቱ ዓይኖች በአንድ ርቀት ላይ አይደሉም፤ የቀረበውን ዓይን ይያዙ፣ ሁለቱንም ከፈለጉ ወደ ኤፍ 4 ይሂዱ።

ወጀብ
ጥያቄ አለኝ። ቀን 6 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ኤፍ 1.8 ሳደርግ ፎቶው ነጭ ይሆንብኛል። ካሜራው ነው?

ጨለማ ክፍል
ካሜራው አይደለም ልጄ። ጥርት ባለ ፀሐይ አይኤስኦ 100 ላይ ኤፍ 16 ሲሆን ሹተሩ 1/100 ግድም ነው። ወደ ኤፍ 1.8 ስትከፍት 1/8000 ያስፈልግሃል። ብዙዎቹ የጀማሪ ካሜራዎች 1/4000 ላይ ያበቃሉ፤ አንድ ስቶፕ ይተርፋል ማለት ነው፣ ውሃው የሚያንጸባርቀው ሲጨመር ደግሞ ይብሳል። መጀመሪያ አይኤስኦው አውቶ ላይ አለመሆኑን እይ። ከዚያ ሰውየውን ወደ ዋርካ ጥላ አስገባው፤ ብርሃኑ ሦስት ስቶፕ ያህል ይወርዳል፣ ፊቱም ላይ ጥቁር ጥላ አይወድቅም። ፀሐይ ላይ ግድ ከሆነ ኤንዲ 8 ፊልተር ሦስት ስቶፕ ይቀንሳል። በቂ ነው።

የሐይቅ ዳር
ስልክ ብቻ ላላቸውስ?

ሲኒና ሌንስ
የስልክ ሌንስ ኤፍ 1.8 ቢባልም እውነተኛ ፎካል ሌንግዙ 6 ሚሜ አካባቢ ነው። አካፍለው፦ ቀዳዳው 3 ሚሜ ግድም። ከ2 ሜትር ሰው ስታነሳ ሁሉም የሚጠራው ለዚህ ነው። ፖርትሬት ሞድ የሚያደበዝዘው በስሌት ነው፤ ፀጉርና የነጠላ ጥለት ጫፍ ላይ ተቆርጦ ይታያል፣ በክንድና በወገብ መሐል ያለው ክፍተት ሳይደበዝዝ ይቀራል። በዚያ ሞድ ዴፕዝ ኦፍ ፊልድን መማር አይቻልም፣ ያጥፉት። ስልካቸውን ወደ አንድ ሲኒ 10 ሴንቲ ሜትር ያስጠጉ፤ ስክሪኑን ተጭነው ፎከሱን ይቆልፉ። እዚያ ላይ እውነተኛው ድብዛዜ ይታያል። አፐርቸሩ ስለማይቀየር ርቀትንና አቅጣጫን ብቻ ይማራሉ፤ ለመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ግን የሚያስፈልገው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ካሜራ ካለው ተማሪ ጋር ይጣመሩ።

ዘጌ
ሁሉም ስለማደብዘዝ ነው የሚያወራው፣ ሁሉንም ማጥራት የሚፈለግበትም አለ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደንገሉን ከፊት፣ ማዶውን ከኋላ አድርጎ ሁለቱንም ማጥራት ለተማሪ ጥሩ ፈተና ነው። በ18 ሚሜ ኤፍ 8፣ 2 ሜትር ላይ ፎከስ ቢደረግ ከ1 ሜትር ጀምሮ እስከ መጨረሻው ይጠራል። ኤፍ 11 ከሆነ 1.5 ሜትር ላይ፤ ከ75 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ። ኪት ሌንስ ላይ የርቀት ቁጥር ስለማይኖር ቦርሳችሁን 2 ሜትር ላይ አስቀምጡ፣ በአውቶ ፎከስ ያዙት፣ ወደ ማንዋል አዙሩ፣ ቦርሳውን አንሱ። ከዚያ በኋላ ዙሙን አትንኩት፤ በኪት ሌንስ ዙም ሲቀየር ፎከሱም ይሸሻል። በዚህ አሠራር ማዶው የሚጠራው ለጥቂት ነው። ተራራው ከደንገሉ ይበልጥ አስፈላጊ ከሆነ በኤፍ 8 ወደ 4 ሜትር አርቁት፤ ቅርቡ ጫፍ 1.35 ሜትር ይሆናል። ነፋስ ካለ ደንገሉ ስለሚወዛወዝ ሹተሩን ከ1/125 በታች አታድርጉ፤ እሱም ድብዛዜ ነው፣ ግን በአፐርቸር አይድንም።

ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱን ሥዕል የሚያነሱ ተማሪዎች ደግሞ በዚያ ደብዛዛ ብርሃን ኤፍ 16 ያደርጋሉ። ለምን? ግድግዳው ጠፍጣፋ ነው። ሰንሰሩን ከግድግዳው ጋር ትይዩ ካደረጉት በ18 ሚሜ ኤፍ 5.6 ከ1.5 ሜትር ላይ ከ1 እስከ 3 ሜትር ይጠራል፤ ከሚፈለገው በላይ ነው። ካሜራውን ወደ ላይ ካዘነበሉ ግን መስታወቱም ያዘነብላል፣ የሥዕሉም መስመር ይጣመማል። አባቶችን አስፈቅዱ፣ ፍላሽ አትጠቀሙ፣ አይኤስኦውን ከፍ አድርጉ።

የሐይቅ ዳር
ሁሉንም እየጻፍኩ ነው። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ካሜራው ስክሪን ላይ የጠራ ይመስላቸውና ሲታተም ደብዝዞ ይገኛል። አንዳንዱ ደግሞ «ለመጠንቀቅ» ብሎ ኤፍ 22 ያደርገዋል።

ጨለማ ክፍል
እኛ የሰጠንህ ቁጥሮች በሙሉ 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን ኅትመት፣ በንባብ ርቀት ሲታይ የተሰሉ ናቸው። የፎቶው መጠን በጨመረ ቁጥር፣ ወይም ተማሪው ክሮፕ ባደረገ (ጠርዙን በቆረጠ) ቁጥር፣ የጠራው ውፍረት ይቀንሳል። ስለዚህ ካነሱ በኋላ ቦታው ላይ እንዳሉ ፎቶውን ስክሪኑ ላይ ዙም አድርገው ዓይኑን ወይም የሲኒውን ቁጥር ይመልከቱ። በዲኤስኤልአር ቪውፋይንደር (ዓይን የሚጠጋበት መመልከቻ) አይመኑ፤ የሚታየው ሌንሱ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ እንጂ በመረጡት አፐርቸር አይደለም። አንዳንድ ካሜራ ሌንሱ ሥር አፐርቸሩን ዘግቶ የሚያሳይ ቁልፍ አለው፣ ካለ ያስለምዷቸው። ሲጫኑት ቪውፋይንደሩ ይጨልማል፣ አይደንግጡ።

ኤፍ 22ን ከልክል። ቀዳዳው ሲጠብብ ብርሃኑ ራሱ ይበተናል። የአንዱ ነጥብ ስፋት በኤፍ 11 ሰንሰሩ ላይ 0.015 ሚሜ ግድም ነው፣ በኤፍ 16 0.021፣ በኤፍ 22 0.03። እኛ የጠራ የምንለው እስከ 0.02 ያለውን ነው። ኤፍ 22 ላይ እንግዲህ ፎከስ የተደረገበትም ቦታ ጭምር ይለሰልሳል። ለኤፒኤስ-ሲ ኤፍ 11 ላይ ቁሙ፣ ሲቸግር ኤፍ 16።

ሲኒና ሌንስ
ለምዘና የሚሆን ልጨምር፦ አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ ሦስት ፎቶ። በመጀመሪያው ፊቱ ብቻ ይጥራ፣ በሁለተኛው ፊቱና በእጁ የያዘው ነገር፣ በሦስተኛው እሱም ከኋላው ያለው ሐይቅም። ከማንሳታቸው በፊት ርቀቱን፣ ሚሊ ሜትሩንና የኤፍ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈው ያስረክቡህ። ነጥቡን በወረቀቱና በፎቶው መሐል ባለው ልዩነት ስጥ። ፎቶው አምሮ ወረቀቱ ከሳተ፣ ካሜራው ነው ያነሳው።

የሐይቅ ዳር
ሐሙስ በሲኒው እጀምራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት በ1 ሰዓት ታንኳዎቹ በሚቆሙበት ዳር ነን፤ 250 ሚሜ ሌንስ ያላችሁና ለሁለት ሰዓት ልታውሱን የምትችሉ ካላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ።

ደንገል
አንድ አለኝ፣ የካኖን ነው። ይዤ እመጣለሁ።